ክረምት ሳይገባ፦ የፒያሳን አስፋልት ዕድሜ ስለማራዘም

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡና ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስታልፉ እግራችሁ ሥር ያለውን አስፋልት ልብ ብላችሁ እዩት። ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይስባል፤ ገጹ ቶሎ ይደርቃል። አልፎ አልፎ ግን አልደርቅ ያሉ ቀጫጭን እርጥብ መስመሮች ይቀራሉ፤ አንዳንዱ የክንድ ያህል፣ አንዳንዱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ። ስንጥቆች ናቸው። በደረቅ ቀን ብትፈልጓቸው ዓይን ውስጥ አይገቡም፤ ከዝናብ በኋላ ግን ውሃ ጠጥተው ስለሚቆዩ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። የጠጡት ውሃ ደግሞ ሁሉም ወደ ላይ ተንኖ አያልቅም። ከፊሉ ወደ ታች ይሰርጋል።

ይህን ዘዴ ያሳዩኝ በመንገድ ጥገና ሥራ የሸበቱ አንድ ፎርማን ናቸው። ጠመኔ ይዘው፣ ከእርጥቡ መስመር ጎን ጎን ምልክት እያደረጉ ሲሄዱ አገኘኋቸው። "ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጉድጓድ እያለ ይቺን ክር የምታህል ነገር ምን ያደርጉላታል?" አልኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ "ልጄ፣ ዛሬ ሬንጅ ካላጠጣናት የዛሬ ዓመት እዚሁ ቦታ አካፋ ይዘን ነው የምንመጣው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አስፋልት የጠየቅኩትም ያነበብኩትም መልሶ የሚያመጣኝ ወደዚህችው መልስ ነው። እኛ ጥገና የምንለው ብዙ ጊዜ የጉድጓድ ድፈናን ነው። ጉድጓድ ግን የጉዳቱ መጨረሻ ነው። አስፋልት ዕድሜው የሚረዝመው ገና ጤነኛ መስሎ እያለ፣ ማንም ቅሬታ ሳያቀርብበት፣ በበጋ በሚደረግለት ጥቂት እንክብካቤ ነው።

ጉዳዩ ለፒያሳ አሁን የሚያስቸኩል የሆነበት ምክንያት አለ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን ያካተተው ፈረሳ ተካሄደ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የኮሪደር ልማቱ ቀጠለ። ስለፈረሰው ሰፈርና ከዚያ ስለተነሡት ሰዎች የሚጻፈው ብዙ ነው፣ መጻፍም አለበት። እዚህ የማነሣው ግን በምትኩ የተነጠፈውን ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች ከመሬት በታች ገብተዋል፣ አስፋልቱ አዲስ ነው። በደንብ የተሠራ የከተማ አስፋልት ከ15 እስከ 20 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ይነደፋል፤ የመጀመሪያው የመከላከያ ጥገና የሚደረግለት ደግሞ በተነጠፈ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በ2016 ለተነጠፈ መንገድ ይህ ማለት ከ2019 እስከ 2021 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መንገዱ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ገንዘብ ማውጣትም ትርፍ ወጪ ይመስላል። ከተማው አስፋልቱን የሚያተርፈውም የሚያጣውም በእነዚያው ዓመታት ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ጊዜ ከገጹ ሥር መግባት ያስፈልጋል።

አስፋልት ብለን የምንጠራው ጥቁር ንጣፍ በክብደት ሲለካ 95 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ድንጋይና አሸዋ ነው። ሬንጁ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያም ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። ጠጠሩ ሸክሙን ይሸከማል፤ ሬንጁ ጠጠሩን አያይዞ ይይዛል፣ ውሃም እንዳያልፍ ይዘጋል። ከጥቁሩ ንጣፍ ሥር የሥራው ሰዎች ቤዝ ኮርስ የሚሉት የተፈጨ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ ሥር ሰብ ቤዝ፤ ከዚያ ሥር ገረጋንቲ የተሞላበት ወይም የተስተካከለ መሬት። የመኪናው ክብደት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በእነዚህ ንጣፎች ላይ እየተበተነ ይሄድና አፈሩ ዘንድ ሲደርስ ቀላል ይሆናል። ጥቁሩ ንጣፍ ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ደረቅና ጥቅጥቅ እስካለ ድረስ ቀጭንነቱ ችግር አይሆንም።

የአዲስ አበባን ደቡብና ምሥራቅ ያጠቃው መረሬ፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር፣ አራዳን ያን ያህል አያስቸግረውም። ፒያሳ የእንጦጦ ግርጌ ላይ ናት፤ መሬቷ ቀይ አፈርና አለት ይበዛበታል። የእሷ ፈተና ሌላ ነው፤ ዳገቷ። ከጊዮርጊስ ወደ ቸርቺል ቁልቁል፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ወደ እሪ በከንቱ፣ ሁሉም መንገድ ይወርዳል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ቦይ ካላገኘ አስፋልቱን ራሱን ወንዝ አድርጎት ይወርዳል።

እንግዲህ ያቺ ክር የምታህል ስንጥቅ ምን ታደርጋለች? ውሃው በእሷ በኩል ወደ ቤዝ ኮርሱ ይገባል። ጥቅጥቅ ያለው ድንጋይ ውሃ ሲሞላው እርስ በርስ መያያዙ ይላላል። ከላይ አውቶቡስ ሲያልፍ ጎማው ንጣፉን ይጫናል፤ ማምለጫ ያጣው ውሃ በኃይል ይገፋል፣ ደቃቁን አፈር ይዞ በስንጥቋ በኩል ወደ ላይ ይተፋል። ዝናብ በበዛበት ሳምንት አንዳንድ ስንጥቅ ዙሪያ ቡናማ ጭቃ ተለጥፎ ታያላችሁ። ያ ጭቃ ከመኪና ጎማ የረገፈ ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከመንገዱ ሆድ የወጣ ነው። የወጣውን ያህል ከሥር ባዶ ቦታ ተፈጥሯል። ሌላም ነገር ይከሰታል። ድንጋይ በተፈጥሮው ከሬንጅ ይልቅ ውሃ ይወዳል፤ ውሃ ሲቆይበት ሬንጁ ከጠጠሩ ላይ እየተላጠ ይለቃል፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይረግፋል። ስንጥቋ ጎረቤት ስንጥቅ ታበጃለች፤ ተያይዘው የአዞ ቆዳ ይመስላሉ፤ ከዚያ አንዱ ቁራጭ ተነሥቶ ይሄዳል። ጉድጓድ የምንለው ያን ጊዜ ነው የሚወለደው። ጎማው የፈነዳበት ሹፌር ጎሚስታ ቤት ሆኖ የሚራገመው ሐምሌ ላይ ነው፣ ነገሩ ግን የተጀመረው ምናልባት ካቻምና በጋ ነው።

ስንጥቋ ራሷ ከየት ትመጣለች? ግማሹ ከፀሐይና ከአየር። ሬንጅ ሲያረጅ ይደርቃል፤ አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይጠጥራል፤ እንደ ልብ መለመጡ ይቀራል። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሚያርፍባት የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይበረታል። በኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ንጣፉ በየቀኑ ይለጠጣል ይኮማተራል። ለጋ ሬንጅ ይህን ይችለዋል፤ የደረቀው ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አስፋልት ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ግራጫ ሲለወጥ የምታዩት ይህ እርጅና ነው።

ሌላው ግማሽ ከሸክም። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የማይገምተው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ ብቻ መንገድ ተሠርቶ፣ ወታደሮች ለሁለት ዓመት ያህል ከባድ መኪና ሲያመላልሱበት ቆዩ። በሙከራው የተገኘው ውጤት እስከ ዛሬ የመንገድ ንድፍ መሠረት ነው፤ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚያድገው በክብደቱ ልክ አይደለም፣ በግምት በአራተኛ ርቢው ነው። አንድ ቶን የሚጫን የቤት መኪና አክስልና አሥር ቶን የሚጫን የጭነት መኪና አክስል ብናነጻጽር ልዩነቱ አሥር እጥፍ ሳይሆን አሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌሊት ከልክ በላይ አሸዋ ጭኖ በፒያሳ የሚያልፍ አንድ ሲኖትራክ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚመላለሱት ታክሲዎች ሁሉ የበለጠ መንገዱን ሊያስረጅ ይችላል። የጭነት ልክ ማስከበር ለትራፊክ ደህንነት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የመንገድ ጥገናም ነው።

ሸክሙ ሲቆም ደግሞ ይብሳል። ሬንጅ እንደ ማር ያለ ጠባይ አለው፤ ፈጥኖ ለሚያልፍ ይጠነክራል፣ ለሚቆምበት ይላላል። አውቶቡስ ማቆሚያዎችና ታክሲ መጫኛዎች ላይ አስፋልቱ እንደ ገበቴ ጎድጎድ የሚለው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዝበት ቦታም እንደ ማዕበል የሚታጠፈው በዚህ የተነሣ ነው። በብዙ ከተሞች ማቆሚያዎቹ በኮንክሪት ይሠራሉ፤ ፒያሳም መጫኛዎቿን እንዲሁ ብታደርግ በየጊዜው አንድ ቦታ ከመጠገን ትድናለች ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው። የመጀመሪያው ስንጥቅ መድፈን ነው። ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት ያላት ስንጥቅ በአየር ግፊት ተነፍታ ከአቧራና ከሣር ትጸዳለች፤ ፍጹም ደረቅ መሆኗ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ትኩስ ሬንጅ፣ በተለይም ላስቲክ የተቀላቀለበት፣ ይፈስባታል። ላስቲኩ የሚፈለገው መንገዱ ሌሊት ሲኮማተርና ቀን ሲለጠጥ አብሮ እንዲሄድ ነው። አቧራው ሳይጸዳ ሬንጅ ከፈሰሰ የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ተላጥቶ ይነሣል። ሥራው ቀላል ነው፤ ጥቂት ሠራተኞችና አንድ ማሞቂያ በርሜል በቀን ረጅም መንገድ ይሸፍናሉ።

ሁለተኛው ገጹን ማደስ ነው። ግራጫ እየሆነ የመጣ፣ ግን ያልተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ ኢሙልሽን የሚባል፣ ሬንጅ በውሃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ የቀጠነ ፈሳሽ ይረጫል፤ ወይም ኢሙልሽኑ ከደቃቅ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ በቀጭኑ ይነጠፋል። ይህ ሽፋን ሸክም አይሸከምም። ሥራው ፀሐይንና ውሃን መከላከል ነው። በፊት ላይ እንደሚቀባ ቅባት አስቡት።

ሦስተኛው፣ መንገዱ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ የላይኛውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ፍቆ አዲስ ንጣፍ ማልበስ ነው። መፋቁ በፒያሳ የግድ ነው። ሳይፋቅ ላይ በላይ የተደራረበ አስፋልት ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆንና ውሃው ሱቅ ውስጥ ይገባል፤ የማንሆል ክዳኖችም ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። በድሮው ፒያሳ በር ላይ ደፍ እየጨመሩ የሄዱ ሱቆችን የሚያስታውስ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እነዚህ ሦስቱ የሚሠሩት ግን ከሥር ያለው ድንጋይ ደህና ከሆነ ነው። የአዞ ቆዳ የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ቤዝ ኮርሱ ታሟል ማለት ነው፤ ላዩን ሬንጅ መቀባት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ያ ቦታ ተቆፍሮ መውጣት፣ ውሃው የመጣበት መገኘት፣ ከሥር ጀምሮ መሠራት አለበት።

ጉድጓድ ሲደፈንስ? ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መጀመሪያ ቅርጹን እዩ። ጥሩ ድፈና አራት ማዕዘን ነው፤ የተሰነጣጠቀው አልፎ ጤነኛው አስፋልት ድረስ በመቁረጫ ተቆርጧል፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ሳስቶ የሚያልቅ ድፈና ጠርዙ ይፈረፈራል። ቀጥሎ ውስጡ ይጸዳል፣ ይደርቃል፤ ታችና ጎኑ ቀጭን ሬንጅ ይቀባል፤ ይህ ታክ ኮት ይባላል፣ አዲሱን ከአሮጌው የሚያጣብቀው እሱ ነው። ከዚያ አስፋልቱ ትኩስ ሆኖ ይገባል። ከማምረቻው ሲወጣ ከ140 እስከ 160 ዲግሪ ይሆናል፤ ሲዳመጥ ከ80 ወይም ከ90 ዲግሪ በታች ከወረደ ሮሎው የቱንም ያህል ቢመላለስ አይጠቀጠቅም። ከከተማ ዳር ካለ ማምረቻ ፒያሳ እስኪደርስ በትራፊክ የቆመና ሸራ ያልለበሰ መኪና የሚያመጣው አስፋልት ብዙ ጊዜ የሚሞተው መንገድ ላይ ነው። ሬንጁ ያብረቀርቃል፣ ሽታውም አለ፣ ግን ቀዝቅዟል።

መጠቅጠቅ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምን ነው? ጥሩ ተዳምጦ ያለቀ አስፋልት ውስጥ የሚቀረው የአየር ክፍተት ከሰባት በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ከስምንት በመቶ ሲያልፍ ክፍተቶቹ እርስ በርስ ይገናኙና ውሃ ያለ ስንጥቅም ይሰርጋል። ሕዝቡ ዳምጠው ያለው ማሽን የመንገድ ሥራ ነፍስ የሆነው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ይህን ቀድማ ያወቀች ከተማ ናት፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ እስከ ዛሬ "የሰርኪስ ባቡር" እየተባለ የሚወሳው የእንፋሎት ማሽን መንገድ ለመዳመጥ ያገለገለ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ቁፋሮ ነው። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ፊት ለፊት አዲስ አስፋልት ተነጠፈ፤ ወራት ሳይቆይ አንድ ተቋም ቧንቧ ሊያሳልፍ መጥቶ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ቧንቧው ተቀበረ፣ የወጣው አፈር ተመልሶ ተሞላ፣ ሠራተኞቹ በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርገውት ሄዱ። በክረምቱ ያ ጉድባ ሰመጠ። ውሃ ተኛበት። ከዚያ ስንጥቁ ከጉድባው ወጥቶ በሁለቱም በኩል መሄድ ጀመረ። እናቴ በየጠዋቱ ከበሩ ላይ ጭቃ ትጠርግ ነበር።

መንገድ መቁረጥ አንዳንዴ አይቀርም። ሲቆረጥ ግን መልሶ የሚሞላው አፈር በአንድ ጊዜ ተገልብጦ አይበቃውም፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተደረገ፣ እያንዳንዱ ንብብር በማሽን እየተጠቀጠቀ ነው የሚወጣው። የላይኛው አስፋልትም ከጉድባው አፍ ሰፋ ተደርጎ በሁለቱም በኩል ሃያ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ መቆረጥ አለበት፤ አዲሱ ንጣፍ ባልተነካው መሬት ላይ እንዲያርፍ። መጨረሻ ላይ ዙሪያው ያለው መገጣጠሚያ በትኩስ ሬንጅ ይዘጋል። ይህ ካልተደረገ የከተማው አስተዳደር ያወጣው ገንዘብ በአንድ ቁፋሮ ይባክናል። ኮብልስቶን እዚህ ላይ ይሻላል፤ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ ቧንቧው ገብቶ፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይሰካል። አስፋልት ከተቆረጠ በኋላ እንደ ነበር አይመለስም። በኮሪደር ልማቱ መስመሮች በመሬት ውስጥ ማሳለፊያ ከተሠራላቸው፣ የሚጠበቀው አዲስ ገመድ የሚያሳልፍ ሁሉ በዚያው እንዲያሳልፍ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን፣ ውሃና ፍሳሽ፣ መብራት ኃይልና ኢትዮ ቴሌኮም የዓመቱን የቁፋሮ ዕቅድ አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ቢነጋገሩ ለአስፋልቱ ከማንኛውም ኬሚካል የተሻለ መድኃኒት ይሆናል።

ማንሆል ዙሪያውን ደግሞ ተጠግታችሁ እዩ። ክዳኑን ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት ላይ ትልቁ ሮሎ አይደርስም፤ በትንሽ መጠቅጠቂያ ካልተዳመጠ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። አዲስ መንገድ ሲረከቡ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቦታ ያ ነው።

ነዋሪውና ነጋዴው የሚያደርገው ነገርም ትንሽ አይደለም። ቦይ የሚዘጋው በውሃ ላስቲክና በፌስታል ነው። ከሱቅ ደጃፍ ተጠርጎ ወደ ቦይ አፍ የሚገፋው ቆሻሻ በሰኔ የመጀመሪያው ጎርፍ አስፋልቱ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ናፍጣ የሚያንጠባጥብ መኪና ተደጋግሞ የሚቆምበት ቦታ ይለሰልሳል፤ ሬንጅ የነዳጅ ዘር ስለሆነ በናፍጣ ይሟሟል። ናፍጣ ወይም ዘይት ከፈሰሰ ቶሎ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በትኖ መጥረግ ነው እንጂ በጄሪካን ውሃ ማስፋፋት አይደለም። ቤት የሚያሠራ ሰው ኤክስካቫተር በሰንሰለቱ አስፋልት ላይ እንዳይሄድ አሮጌ ጎማ ወይም ጣውላ ያንጥፍለት።

ደመራም አለ። መስከረም 16 ማታ በየመንደሩ የሚለኮሰው ደመራ ብዙ ጊዜ የሚቆመው አስፋልት ላይ ነው። ሬንጅ 50 ዲግሪ አካባቢ ላይ መለስለስ የሚጀምር ነገር ነው፤ ከእሳቱ ሥር ያለው ይቃጠላል፣ የሚቀረው እርስ በርሱ ያልተያያዘ ጠጠር ነው። በማግሥቱ አመዱ ሲጠረግ ሻካራ ክብ ይታያል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያ ክብ ጉድጓድ ይሆናል። በዓሉ የሁላችን ነው፣ ደመራውም ይቀጥል። ከሥሩ ግን አሸዋ ወይም አፈር ወፈር ተደርጎ ይነጠፍለት፤ የሰፈር ወጣት በአንድ ጋሪ አሸዋ የሚጨርሰው ነገር ነው።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልበል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት በ85 ታዳጊ አገሮች 45 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መንገድ በጥገና ማነስ እንደጠፋ፣ ያንን ለማዳን 12 ቢሊዮን ዶላር ያህል በጊዜው ቢወጣ ይበቃ እንደነበር ገምቷል። በኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የተወሰነ ገንዘብ እየተሰበሰበ ለመንገድ ጥገና እንዲውል፣ የጥገና ገንዘብ በአዲስ ግንባታ እንዳይዋጥ። ሐሳቡ ትክክል ነው። አዲስ መንገድ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ስንጥቅ ሲደፈን የሚመጣ ካሜራ የለም፤ ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ በስሙ ካልታሰረለት ሌላው ይወስደዋል።

ገንዘቡ ኖሮ እንኳ አንድ እንቅፋት ይቀራል፤ የበጀት ዘመን አቆጣጠራችን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። አስፋልት የሚጠገንበት ደረቅ ወቅት ደግሞ ጥቅምት ላይ ይጀምርና እስከ ጥር ይዘልቃል፤ ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ከግንቦት አጋማሽ ወዲያ ስንጥቅ ደርቆ ማግኘት ዕድል ነው። በጀቱ ሐምሌ ላይ ጸድቆ፣ የሬንጅ ግዥው መስከረም ላይ ታስቦ፣ ጨረታው ኅዳር ላይ ወጥቶ፣ ውሉ የካቲት ላይ ከተፈረመ ሠራተኞቹ መንገድ ላይ የሚወጡት ደመና ሲጠቁር ነው። በሰኔ፣ የበጀት መዝጊያ ሲደርስ፣ ውሃ በተኛበት ጉድጓድ ውስጥ አስፋልት ሲደፋ የምናየው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ሠራተኛው አልሰነፈም፤ ዘግይቶ ነው የተላከው።

መፍትሔው ከምሕንድስና ይልቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ስንጥቆቹ የሚቆጠሩት በነሐሴና በመስከረም፣ ራሳቸውን በሚያጋልጡበት ወቅት፣ ጠመኔ ተይዞ። ጨረታው በክረምት ያልቃል። ሬንጁና ላስቲኩ መስከረም ሳያልቅ መጋዘን ይገባል። በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት፣ መሬቱ ደርቆ ሌሊቱ ገና ሳይበርድ፣ ማሞቂያ በርሜሉ ጊዮርጊስ አጠገብ ቆሞ ሥራው ወደ ቁልቁለቱ ይጀመራል። በግንቦት ደግሞ ቦዮቹ ይጠረጋሉ።